ባለበት የቆመው ቁጥር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ሻዬ ቀርቧል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሁለት ወረቀቶች ዘርግቻለሁ።

ሁለቱም የእህቴ ፔይስሊፖች፣ የደመወዝ ወረቀቶች ናቸው። አስፈቅጃታለሁ። አንዱ የ2021 ነው፤ ሌላው የ2025። እህቴ እዚሁ ለንደን ኬር ሆም ውስጥ ነው የምትሠራው። አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። የሚከፈላት ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ደመወዝ ነው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እየጠጣን ወረቀቶቹን አመጣችና «አንተ የሂሳብ ሰው ነህ፤ እስቲ ይኼን አስረዳኝ» አለችኝ። ጣቷን ያሳረፈችው አንድ ቁጥር ላይ ነው። 1257ኤል ይላል። በሁለቱም ወረቀት ላይ ያው ነው። «ሁሉም ነገር ሲጨምር ይኼ ለምን አይንቀሳቀስም?» አለችኝ።

ይኼው ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቁጥሩ 12,570 ፓውንድ ማለት ነው። በዓመት ከምታገኙት ገንዘብ እስከዚህ ድረስ ያለውን ግብር አይነካውም። ከዚያ በላይ ካለው 20 በመቶ ይቆረጣል። ከ50,270 ያለፈው ደግሞ 40 በመቶ ይቆረጥበታል። አሁን አብራችሁኝ አስሉ። በ2021 ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 8.91 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል ለሚሠራ ሰው በዓመት 17,374 ይመጣል። የገቢ ግብሩ 961 ፓውንድ ነው። በ2025 የሰዓቱ ክፍያ 12.21 ሆነ። በዓመት 23,809 ማለት ነው። ግብሩስ? 2,248። ደመወዙ በ37 በመቶ ሲያድግ ግብሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

እህቴ እኮ አልከበረችም። ደመወዟ የጨመረው ዳቦው፣ ጋዙ፣ ኪራዩ ስለጨመረ ነው። በኦክቶበር 2022 የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደርሶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መንግሥት ግን ያንን ጭማሪ እንደ አዲስ ሀብት ቆጥሮ ድርሻውን ወሰደ። ለሐቅ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ለጡረታና ለመሳሰሉት ከደመወዝ የሚቆረጠው ናሽናል ኢንሹራንስ ቀንሷል፤ ከ12 በመቶ ወደ 8 ወርዷል። በእህቴ ደመወዝ ላይ ሲሰላ ግን በዓመት ወደ 40 ፓውንድ ገደማ ቢመለስላት ነው። በሌላ በኩል 1,287 ፓውንድ ተጨምሮባታል።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ። ለኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ነው ድምፅ የምሰጠው፤ አልደብቅም። ስለዚህ የዛሬው ወሬ ለእኔ ቀላል አይደለም። ያንን ቁጥር ባለበት ያቆመው ተቀናቃኛችን ሌበር ፓርቲ አይደለም። የኛው ፓርቲ ነው። በማርች 2021 ሪሺ ሱናክ የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ እስከ 2026 ድረስ አይነካም አሉ። በ2022 ሌላው የኛ የገንዘብ ሚኒስትር ጄረሚ ሃንት ሁለት ዓመት ጨመሩበት፤ እስከ 2028። ግብር ዝቅ ይበል የሚለው ፓርቲ በገዛ እጁ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ የሠራተኛውን ኪስ አራቆተ። በሱ ዘመን የአገሪቱ የግብር ጫና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ወዲህ ወዳልታየ ደረጃ እያመራ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2024 በተደረገው ምርጫ 121 ወንበር ብቻ ይዘን ስንቀር ብዙ ሰው ምክንያቱን በስደተኛ ጉዳይ ብቻ ፈለገ። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ያሰብኩት ይኼንኑ ነው። ለሕዝቡ አንድ ነገር እየነገርን ሌላ ነገር አደረግንበት።

አባቴ አዲስ አበባ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ስኳር፣ ዘይት፣ ክብሪት፣ ሳሙና። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ፊቱ ይከብድ ነበር። የሚከፍለው ግብር በግምት ነበር የሚመጣለት። «የማውቀውን ግብር እከፍላለሁ። የሚያቃጥለኝ የማላውቀው ነው» ይል ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ግን ንግግሩ አልጠፋኝም። ግብር መክፈልን አይጠላም ነበር። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም በግብር እንደሚሠራ ያውቃል። የሚፈልገው ስንት እንደሚወሰድበት አስቀድሞ ማወቅ ነበር።

ወግ አጥባቂነቴ ከዚያች ሱቅ ነው የሚጀምረው ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ በመጀመሪያ የሠራው ሰው ነው፤ የቤተሰቡ ነው። መንግሥት ሲፈልገው ፊት ለፊት መጥቶ «ይኼን ያህል ስጠኝ፤ ለዚህ ነው የማውለው» ማለት አለበት። ዕቁባችንን አስቡት። ሁሉም የሚጥለውን ያውቃል። ዳኛውም ጸሐፊውም በሁሉም ፊት ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ጸሐፊው ተነስቶ ማንንም ሳያማክር ከያንዳንዳችን መዋጮ ትንሽ ትንሽ ቢቀንስ ዕቁቡ የዚያኑ ዕለት ይፈርሳል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይፈርሳል።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም የሚነካኝ ነው። በ1977 ሌበር ሥልጣን ላይ ነበር፤ የገንዘብ ሚኒስትሩም ዴኒስ ሂሊ ነበሩ። ዋጋ ይንራል፤ ከግብር ነፃ የሆነው ገደብ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ልክ እንደዛሬው። ያኔ ሁለት የሌበር የምክር ቤት አባላት፣ ጄፍ ሩከርና ኦድሪ ዋይዝ፣ በገዛ መንግሥታቸው ላይ ተነሡ። ገደቡ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ ይጨምር፤ መንግሥት ይኼን ማስቀረት ከፈለገ ፓርላማ ፊት ቆሞ በግልጽ ይጠይቅ አሉ። ከተቃዋሚው ወገን የደገፋቸው ማን ነበር? ናይጀል ሎውሰን። የኛው ሰው፤ ኋላ የማርጋሬት ታቸር የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት። በግራ ያሉ ሁለት ሰዎችና አንድ የቀኝ ሰው ተባብረው መንግሥትን አሸነፉ። ሕጉ ዛሬም አለ። ችግሩ ግን፣ የመጣው መንግሥት ሁሉ «ለዘንድሮ ይቅር» እያለ ያልፈዋል። ዘንድሮው ግን አሥር ዓመት ሊሆን ነው።

ታቸርና የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትራቸው ጄፍሪ ሃውም ቢሆኑ ንጹሕ አልነበሩም። በ1981 ዋጋ እየናረ ሳለ ገደቡን አልጨመሩም። ያኔ ግን ጄፍሪ ሃው ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ያንን በጀት ተከራከሩለት፤ 364 የምጣኔ ሀብት ምሁራን በጋዜጣ ሲቃወሟቸው አልተደበቁም። በ1979ም እንዲሁ ነው። የገቢ ግብሩን ከ33 ወደ 30 በመቶ ሲያወርዱ ቫቱን ወደ 15 በመቶ ሰቀሉት። ከባድ ነበር። ግን ሰው ሱቅ በገባ ቁጥር የሚያየው ነገር ነው። ደረሰኙ ላይ አለ። ልስማማ ልቃወም እችላለሁ፤ ዋናው ማወቄ ነው።

ከኛ ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩት ሊዝ ትረስ ብዙ አላወራም። ግን ሳላነሳ ባልፍ «የናንተን ሰው ደበቅክ» ትሉኛላችሁ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2022 የገንዘብ ሚኒስትራቸው ክዋሲ ክዋርቴንግ የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ ይዘው መጡ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚያሳይ ነገር አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በአምስት ቀን ውስጥ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ የጡረታ ፈንዶችን ለማዳን ገበያ ውስጥ ገባ። የኔ የቤት ብድር የሚታደሰውም በዚያው ሰሞን ነበር። ማክሰኞ የተነገረኝ የወለድ መጠን ሐሙስ ዕለት የለም። ያኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር ግብር መቀነስ ብቻውን ወግ አጥባቂነት እንዳልሆነ ነው። ወጪን ሳይቀንሱ ግብር መቀነስ የልጅን ገንዘብ ተበድሮ መብላት ነው።

ወደ ሌበር ልምጣ። በምርጫው ጊዜ ቃል ገቡ። የገቢ ግብር፣ ናሽናል ኢንሹራንስና ቫት በሠራተኛው ላይ አንጨምርም አሉ። በኦክቶበር 2024 የሌበር የገንዘብ ሚኒስትር ሬቸል ሪቭስ የመጀመሪያ በጀታቸውን ሲያቀርቡ ገደቡን ባለበት ማቆየት ሠራተኛውን ይጎዳል፣ ስለዚህ ከ2028 በላይ አላራዝመውም ብለው ነበር። እኔ ያን ቀን አጨብጭቤያለሁ፤ እውነቴን ነው። ሌበር ናቸው ብዬ ልክ የሆነውን ነገር አልክድም። በኖቬምበር 2025 ግን ያንኑ ገደብ እስከ 2031 አራዘሙት። ከእጅ አይሻል ዶማ።

በዚያው በመጀመሪያው በጀት ደግሞ አሠሪው የሚከፍለውን ናሽናል ኢንሹራንስ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረጉት። ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚህ ነው። ከባዱ ግን ሌላው ነው። ክፍያው የሚጀምርበትን ደመወዝ ከ9,100 ወደ 5,000 ፓውንድ አወረዱት።

አንዲት ወዳጄ የሐበሻ ምግብ ቤት አላት። ሂሳቧን የምሠራላት እኔ ነኝ። አንድ ማታ ደንበኛ ከወጣ በኋላ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ትዕዛዝ በምትጽፍበት ወረቀት ጀርባ ላይ አሰላን። ሙሉ ጊዜ የሚሠሩ ስድስት ሰዎች አሏት፤ በዓመት 25,000 አካባቢ ነው የምትከፍላቸው። ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ የሚመጡ አሥር ልጆች አሉ፤ ሁሉም ሃያ አንድ ዓመት ያለፋቸው፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ በዓመት 9,000 ገደማ የሚያገኙ። ቀድሞ ለነዚህ ልጆች አንድ ሳንቲም ናሽናል ኢንሹራንስ አትከፍልም ነበር። አሁን ለያንዳንዳቸው 600 ፓውንድ። መንግሥት ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚሰጠውን ቅናሽ ከ5,000 ወደ 10,500 አሳድጎታል፤ እሱንም ቀነስንላት። ጠቅላላው ከ8,165 ወደ 13,500 ወጣ። ደመወዝ ሳትጨምር፣ ሰው ሳትጨምር፣ አንድ ሳህን ተጨማሪ ሳትሸጥ።

ወረቀቱን አየችው። እጇ ገና የበርበሬ ሽታ ነበረው። «እሺ» አለች፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። በበጋው ሁለት ልጆች ለቀው ሲሄዱ በቦታቸው ማንንም አልቀጠረችም። ቅዳሜ ማታ ዕቃ የምታጥበው አሁን ራሷ ናት። የነዚያ ሁለት ልጆች ሥራ በየትኛውም የምርጫ ክርክር ላይ አይነሳም። ምክንያቱም ማንም አላባረራቸውም። ቦታው ዝም ብሎ ጠፋ። ግብሩን የከፈለው «አሠሪ» ነው ይባላል። እኔ ግን ከፋዩን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራውን ሊጀምር የነበረ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው።

ከኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሳይቀር ወደ ሪፎርም ፓርቲ ያዘነበሉ ሰዎች አውቃለሁ። ብስጭታቸው ይገባኛል። የሪፎርም መሪ ናይጀል ፋራጅ በ2024 ገደቡን ወደ 20,000 ፓውንድ አደርሰዋለሁ ብለው ነበር። ቆንጆ ቁጥር ነው። ግን ትረስን ካየሁ በኋላ ለቆንጆ ቁጥር ልቤን አልሰጥም። እሳቸውም ራሳቸው ኋላ ላይ ትልልቅ የግብር ቅነሳዎች ለጊዜው አይቻሉም ወደሚል ንግግር መጥተዋል። የኛ ፓርቲ ደግሞ የሪፎርምን ድምፅ ለመመለስ ሲሮጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንበት እሰጋለሁ። ብብታችን ውስጥ የነበረው የሂሳብ ጨዋነት ነበር። «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ይይዙበታል» የሚለው እምነት።

የፓርቲያችንን መሪ ኬሚ ቤድኖክን እወዳቸዋለሁ። ፊት ለፊት ይናገራሉ። በኦክቶበር 2025 ማንቸስተር ላይ ሰው የሚኖርበትን ቤት ሲገዛ የሚከፍለውን ግብር፣ ስታምፕ ዲዩቲን፣ እናስቀራለን ሲሉ ጥሩ ነው ብያለሁ። ቤት መግዛት ለወግ አጥባቂ ትልቅ ነገር ነው። ግን እህቴ ቤት አትገዛም። እህቴ ያላት ፔይስሊፕ ነው። እሷን የሚያናግር ፓርቲ ከሆንን የ1977ቱን ሕግ እናጠንክረው። ገደቡ ከዋጋ ጋር ይጨምር። ማቆም የሚፈልግ መንግሥት በየዓመቱ፣ ለብቻው፣ በስሙ ተነሥቶ ድምፅ ይጠይቅበት። አምስት ዓመት አስቀድሞ ወስኖ መቀመጥ ይቅር። ገንዘብ ካስፈለገ መጠኑን ጨምሩ፤ ከ20 ወደ 21 በሉና ፊት ለፊት ተናገሩ። እቃወም ይሆናል። ግን አከብራችኋለሁ።

አንድ ነገር ላንሳና ላብቃ። እዚህ አገር የግብር ዓመት የሚጀምረው ኤፕሪል 6 ነው። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እንግሊዞች በ1752 የቀን አቆጣጠራቸውን ሲቀይሩ 11 ቀን ዘለሉ። የመንግሥት ሂሳብ ግን በአሮጌው አቆጣጠር ልክ ሙሉ ዓመት እንዲሆን ቀኑ ወደ ፊት ተገፋ። ያኔ ሹማምንቱ ከአንድም ዓመት ላይ 11 ቀን እንዳይጎድል ተጨነቁ። ዛሬም ሒሳቡ የሚዘጋው ኤፕሪል 5 ላይ ነው። በኛ መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም። እህቴ ስትሰማ ደስ አላት፤ «አልረሳውም እንግዲህ» አለችኝ።

ከዚያ ቡናዋን አስቀመጠችና በጣቷ ቆጠረች። ቁጥሩ ባለበት መቆም ሲጀምር አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። በ2031 ሲንቀሳቀስ፣ ከተንቀሳቀሰ፣ ሃምሳ ሰባት ይሆናታል። ወረቀቶቹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ መግባት ነበረባት።