ሥዕሉ አለ፤ ምሽቱስ የት ገባ?

[ምስል፦ ክብ፣ ዝገት የጀመረው የፊልም ጣሳ]

የድሮ ፊልም ጣሳ ስትከፍቱ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። የኮምጣጤ ሽታ፤ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እሱ ከመጣ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። ብሶ ደግሞ ጎረቤት ጣሳዎችንም ይበክላል።

የዛሬው ባለታሪካችን እንዲህ ባለ ጣሳ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ሰውዬ ነው። ዛንድሜንሸን ይባላል፤ የአሸዋው ሰውዬ እንደማለት። አውሮፓ ውስጥ ማታ ማታ ልጆች ዓይን ላይ አሸዋ እየነሰነሰ የሚያስተኛ የተረት ሰው አለ። ጠዋት ዓይናችን ጥግ ላይ የምናገኘውን፣ እኛ ሳናፍር የዓይን አር የምንለውን፣ እነሱ የሱ አሸዋ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ በልጠውናል።

[ምስል፦ ሾጣጣ ቆብና ነጭ ጢም ያለው አሻንጉሊት]

ጊዜው በፈረንጆች 1959 ነው። ጀርመን ለሁለት ተከፍላለች። የምዕራብ በርሊኑ ጣቢያ የአሸዋውን ሰውዬ በቴሌቪዥን ሊያመጣ ነው የሚል ወሬ ምሥራቆቹ ጆሮ ገባ። መቀደም የለም! ጌርሃርድ ቤሬንት የሚባል ባለሙያ አሻንጉሊቱን በጥቂት ሳምንታት አደረሰ። የምሥራቁ ኖቬምበር 22 አየር ላይ ዋለ፤ የምዕራቡ ዲሴምበር 1። ዘጠኝ ቀን ብቻ።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈትናል። የአሻንጉሊቱን እጅ በጣት ትንሽ ገፋ ታደርጋላችሁ፤ አንድ ምስል ታነሳላችሁ። ደግሞ ገፋ፤ ደግሞ ምስል። ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰከንድ 25 ምስል ይበላል፤ አንድ ደቂቃ 1500።

በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ሰውዬው ራሱ ደክሞት መንገድ ጥግ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ልጆቹ ይህን አይተው ዝም አላሉም፤ «የኔን አልጋ እሰጠዋለሁ» የሚል ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። ሊያስተኛቸው የመጣው ሰውዬ ጭራሽ አሳሰባቸው።

[ምስል፦ ሁለት ጣሳዎች ጎን ለጎን]

አሁን የድሮ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚጠፉ እንይ። ያኔ በቀጥታ የተላለፈ ነገር ብዙውን ጊዜ አየር ላይ ቀረ። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር የትናንቱ እየተሰረዘ የዛሬው ይቀዳበት ነበር። የልጆች ፕሮግራም ነዋ፤ ማን ይቆጥረዋል? የአሻንጉሊት ፊልም ግን በቀጥታ አይሠራም፤ የግድ ፊልም ላይ ይነሳል። በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

ችግሩ ከድምፁ ይጀምራል። ለቴሌቪዥን በሚሠራ ፊልም ሥዕሉ በአንድ ጥቅል፣ ድምፁ በሌላ የማግኔት ጥቅል ሆኖ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት ሲተላለፉ ነው። አንዱ መለያ ወረቀቱ ወልቆ ሌላ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ አለቀ። ያን ኮምጣጤ የሚያፋጥነውም የማግኔት ጥቅሉ ላይ ያለው የብረት ዱቄት ነው። ዛንድሜንሸን ደግሞ ወሬ አያበዛም። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሥራውን የሚሠራለት የቮልፍጋንግ ሪሽተር ዜማ ነው። ዜማው ከሌለ ዝም ብሎ የሚራመድ አሻንጉሊት ይቀራል።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። የአንድ ምሽት ፕሮግራም አንድ ፊልም አይደለም። ሰውዬው በባቡር ወይም በሄሊኮፕተር የሚመጣበት ክፍል አለ፤ መሀል ላይ ሌላ ተረት ይገባል፤ ከዚያ አሸዋውን በትኖ ይሄዳል። የመምጫውና የመሄጃው ክፍል ሌላ ቀን ከሌላ ተረት ጋር ይደገማል። ስለዚህ አንድ ሰው «በሄሊኮፕተር መጥቶ የዳክዬዋን ታሪክ ያሳየን ቀን» ብሎ ቢፈልግ፣ ሄሊኮፕተሩ አንድ ጣሳ ውስጥ፣ ዳክዬዋ ሌላ ጣሳ ውስጥ ናቸው። ያ ምሽት እንዳለ የተቀመጠበት ጥቅል የለም። ቢገኝ የሚገኘው በዕለቱ የሥርጭት መዝገብ ላይ በተጻፈ አንድ መስመር ነው።

የምዕራቡ ሰውዬ በ1989 ተሰናበተ። የምሥራቁ ቴሌቪዥን ራሱ በ1991 መጨረሻ ተዘጋ፤ ማኅደሩ ዛሬ ፖትስዳም ባቤልስበርግ በጀርመን የብሮድካስት ማኅደር ይዞታ ሥር ነው። ሰውዬው ግን አገሩ ፈርሶ እሱ ተረፈ፤ እስካሁን ማታ ማታ ይመጣል።

[ምስል፦ ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍ፣ ያለ ድምፅ]

ያንን ምሽት የሚፈልገውስ? ሄሊኮፕተሩን ቢያሳዩት «ይኼ ነው!» ይላል። ዳክዬዋን ቢያሳዩትም «ይኼ ነው!» ይላል። ምናልባት የሚያስታውሰው ሁለት ምሽት ይሆናል።