ባይሆንስ ማን ይከፍላል?

በጎንደር ከተማ ለግብርና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የግብርና ባለሙያዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ያደግሁት ደምቢያ ነው። አባቴ ማሳው ሦስት ቦታ ነበር፦ አንዱ ጓሮ፣ አንዱ መገጭ ወንዝ ወደ ጣና በሚወርድበት ዋልካ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ዳገቱ ላይ። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቀኑ ያልቅበታል። አንድ ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ፣ «አባባ፣ ከሰው ጋር ተለዋውጠው አንድ ቦታ ቢያደርጉት ድካሙ ይቀንስልዎ ነበር» አለው። አባቴ ሳቀ። «ልጄ፣ በረዶ እንደ እናንተ ደብዳቤ ጽፎ አይመጣም» አለ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በረዶ ወረደ። በረዶ ሲመታ አይታችሁ እንደሆነ መንገድ አለው፤ የአንዱን አዝመራ መሬት ላይ አንጥፎ የአጥሩን ማዶ ቅጠል እንኳ ሳይነካ ያልፋል። የጓሮው በቆሎ ተከሰከሰ፤ የዳገቱ ጤፍ እንደቆመ አደረ። መገጭ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅም የምንበላው ከዳገቱ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ሲቆም ደግሞ ዳገቱ ይነድዳል፣ ዋልካው እርጥበቱን ይዞ ይቆየናል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ለሚጨፍሩት ልጆች ደስ ይላል፤ ጤፍ ለዘራ ሰው ግን ክፉ ወሬ ነው። ጤፉ የከሸፈበት ገበሬ መስከረም ላይ ማሳውን ገልብጦ፣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚደርስ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል።

ስለ ጓያ ትንሽ ልቆይ። ጓያ ድርቁንም ውሃ የተኛበትን ጭቃም ይችላል፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። የድሃ መድን ነው። ዓረቦኑ፣ ማለት ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ ግን ከባድ ነው። ሌላ እህል ታጥቶ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ እግር ይሰብራል፤ ከተሰበረ በኋላም የሚያድን መድኃኒት የለም። ለደምቢያና ለፎገራ ሰው «ጓያ ሰበረው» ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በትር ተመርኩዞ፣ ጉልበቱ እየተጠላለፈ፣ በጣቶቹ ጫፍ የሚራመደውን ጎልማሳ ያውቀዋል። ከማሳ ላይ የተነሳው አደጋ እግር ላይ አረፈ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርደውም ልጅ ለቤቱ የጎደለውን ሊሞላ ሄዶ ወባ ወይም ካላዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ በሬው ልምጣ። ክፉ ዓመት ሲሆን መጀመሪያ በጉና ፍየሉ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ጊደሯ፣ በሬው መጨረሻ። በሬውን የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለሌላ የእኩል ይሰጣል፤ አንድ በሬ የቀረው እንደሆነ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ችግሩ ሁሉም የሚሸጠው በአንድ ሰሞን መሆኑ ነው። የበሬው ዋጋ ይወርዳል፣ የጤፉ ይወጣል፤ ገበሬው በሁለቱም በኩል ይቆረጣል። በለሳን በመሰሉ ድርቅ በሚደጋግማቸው ወረዳዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት የተባለው የገንዘብና የእህል ድጋፍ የታሰበው ለዚህ ነው። ገንዘቡ በሬው ከተሸጠ በኋላ ቢመጣ ግን ለሽሮ ይሆናል እንጂ ለበሬ አይሆንም።

መድንም ተሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሃ ላይ የተጀመረው የአየር ጠባይ መድን፣ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ ዓረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍል መፍቀዱ ብልህነት ነው፤ እኔ በግሌ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ካሳው የሚታሰበው በሳተላይት በሚለካው የአካባቢው ዝናብ ነው። የአባቴን በቆሎ የከሰከሰውን በረዶ ሳተላይቱ ከነመፈጠሩም አያውቀውም።

አባቴ በኋላ ቁንጮ የሚባለውን የተሻሻለ የጤፍ ዘር ሲሰጡት፣ ከዳገቱ ማሳ ጥግ ላይ ምንጣፍ የምታህል ቦታ ዘራው። ባለሙያው ሪፖርቱ ላይ «ቴክኖሎጂ የመቀበል ፍላጎቱ ዝቅተኛ» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ጥማድ፣ በሦስተኛው ሙሉ ጥማድ ዘራ። ሪፖርቱን ያረመው ሰው የለም።

እኛ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ደመወዛችን ወሩን ጠብቆ ይገባል። ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ገበሬ ግን ዝናቡ ቢቀር ዕዳው አይቀርለትም። ስለዚህ «ባይሆንስ ማን ይከፍላል?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ሰው እምቢተኛ ብላችሁ አትመዝግቡት። መልስ ካላችሁ ይዛችሁ ውረዱ፤ ከሌላችሁ ዘሩን በኩንታል አትጫኑበት፣ በእፍኝ ስጡትና ጥጉን ራሱ ይምረጥ።

አመሰግናለሁ።