በመሳቢያው ጥግ የደበቅኩት ጄል

እንደምን ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፤ ካልሆነም ማታ ተመለሱበት። የማወራችሁ ስለ ወሲብ ነው። ይበልጥ ደግሞ ለወሲብ ብለን ስለምንቀባቸው ነገሮች፤ ስለ ማለስለሻ፣ ስለ ጄል፣ ስለ ክሬም።

ከራሴ ልጀምር።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ጡት አጠባለሁ። ቁስሌ ድኗል። ግንኙነት መጀመር ትችላላችሁ ተብለናል። ባለቤቴን ናፍቄው ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ናፍቄው ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ላይ የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። እንጨት የሚያለሰልሱበት የብርጭቆ ወረቀት አለ አይደል? ልክ እንደሱ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

"አመመሽ እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ ደህና ነኝ።"

ይቺ "ደህና ነኝ" ስንት ወር እንዳስከፈለችን!

ከዚያ በኋላ መሸሽ ጀመርኩ። ቀድሜው እተኛለሁ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ። ሕፃኑ ትንሽ ሲነጫነጭ፣ እሰይ ነቃልኝ ብዬ ዘልዬ እነሳለሁ። ባለቤቴ ምንም አይለኝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲተኛ ግን ትከሻው ይናገር ነበር። የከፋው ደግሞ እኔም ማመኔ ነው። ለሱ ያለኝ ፍቅር ደረቀ ብዬ አመንኩ። ቃሉን አስተዋላችሁት? ደረቀ። የሰውነቴን ድርቀት ለልቤ ሰጠሁት።

አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ጄል ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የሚያሞቅ፣ ስሜት የሚቀሰቅስ ይላል። ያን ማታ ተቀባሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ተንገበገብኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠብኩ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ማቃጠሉ አልነበረም። "በቃ፣ እኔ ነኝ የተበላሸሁት" የሚለው ሐሳብ ነው። ቱቦውን በካልሲ ጠቅልዬ መሳቢያው ጥግ ደበቅኩት።

ለምን እንዳቃጠለኝ ዛሬ አውቃለሁ። እነዚህ "የሚያሞቁ" ጄሎች ብዙዎቹ ሜንቶል፣ ካፕሳይሲን ወይም የኒያሲን ዓይነት ነገር አላቸው። ሥራቸው የነርቭ ጫፎችን መቆጥቆጥና ደም ወደ ቆዳው እንዲጠጋ ማድረግ ነው። ጤናማና እርጥብ ቆዳ ላይ አንዳንዱን ሰው ደስ ይለዋል። የሳሳና የደረቀ ቆዳ ላይ ግን እሳት ነው።

ያወጣችኝ አንዲት ሐኪም ናት። ለሌላ ጉዳይ ነበር የሄድኩት። ልወጣ ስል "ግንኙነት ላይ ያምሻል?" አለችኝ። እንደ ማንኛውም ጥያቄ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው እንደሚባለው። እንባዬ መጣ። ነገርኳት። ለባሌ ያለኝ ስሜት ጠፍቷል መሰለኝ አልኳት። "ከንፈርሽ ሲደርቅ ባሌን ጠላሁት ትያለሽ እንዴ የኔ እህት?" አለችኝ። "ይሄ እኮ የቆዳ ጉዳይ ነው።"

ከዚያ አስረዳችኝ። ስናጠባ ወተት የሚያመርተው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ ኤስትሮጅን ይወርዳል። ኤስትሮጅን ደግሞ የብልትን ግድግዳ ወፍራም፣ ተለጣጭና እርጥብ አድርጎ የሚያቆየው ነው። እሱ ሲቀንስ ቆዳው ይሳሳል። በማረጥ ጊዜም የሚሆነው ይሄው ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ማጥባት ሳቆም ይመለስልኛል፤ ያረጠች ሴት ግን በራሱ አይመለስላትም።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ከሆነ ዕጢ የሚፈልቅ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው ከደም ነው። ስሜት ሲነሳ ወደ ብልት ግድግዳ የሚሄደው ደም ይበዛል። ከደሙ ውስጥ ፈሳሹ በግድግዳው በኩል ላብ እንደሚያቸፈችፍ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሆርሞኑ ከጎደለ፣ ደሙ ካልደረሰ፣ ወይም ጊዜ ካልተሰጠው ይደርቃል። የአለርጂ መድኃኒት ያደርቃል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒት ስሜቱንም እርጥበቱንም ይቀንሳል። የካንሰር ሕክምናም እንዲሁ። ከእነዚህ ውስጥ ፍቅር ማጣት የቱ ጋ አለ?

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። እኛ ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ "ማህፀን" እንላለን። ማህፀኔን አሳከከኝ፣ ማህፀኔ ደረቀ። ማህፀን እኮ ልጅ የሚያድርበት ነው፤ ውስጥ ነው ያለው። ውጪው ሌላ፣ መግቢያው ሌላ፣ ቂንጥር ሌላ። የቱ ጋ እንደሚያመን ካልለየን ሐኪሙ የቱን ያክም? እኔ ራሴ ለዚያች ሐኪም "እዚያ ጋ" እያልኩ በእጄ አየር ላይ ነበር የምጠቁመው።

አሁን ወደሚቀቡት እንምጣ። ማለስለሻና ማርጠቢያ አንድ አይደሉም። ማለስለሻ ለሰዓቱ ነው፤ መፋተግን ይቀንሳል፣ ከዚያ ያበቃል። ማርጠቢያ ፊታችንን እንደምንቀባው ነው። ግንኙነት ኖረም አልኖረም በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይደረጋል፤ ቆዳው ውሃ እንዲይዝ ያግዛል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለባቸው አሉ። እኔ ሁለቱንም ነው የተጠቀምኩት፤ ሁለቱም ሽታ የሌላቸው፣ የማያሞቁ፣ የማያቀዘቅዙ።

ውሃ መሠረት ያደረገ ማለስለሻ ለሁሉም ይስማማል፤ ግን ቶሎ ይደርቃል። የሲሊኮን ይቆያል። ዘይትና ቫዝሊን ግን ከላቴክስ ኮንዶም ጋር ፈጽሞ አይሄዱም። ላቴክሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክሙታል፤ ሳታውቁት ይቀደዳል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ማለስለሻው ውስጥ የተሟሟው ነገር በጣም ከበዛ፣ ማለትም በውስጡ ብዙ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ካለ፣ ከብልት ሕዋሳት ውስጥ ውሃ ይስባል። ሊያረጥብ ገብቶ ያደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ባወጣው ምክር የዚህ መለኪያ፣ ኦስሞላሊቲ የሚባለው፣ ቢቻል ከ380 እንዳይበልጥ፣ ካልሆነም ከ1200 እንዳያልፍ ብሏል። የብልት አሲድነት በመደበኛው ከ3.8 እስከ 4.5 ፒኤች ነው፤ ለዚያ ቅርብ የሆነውን መምረጥ ደግ ነው። ቁጥሮቹ ካርቶኑ ላይ ካልተጻፉ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። አትፈሩ። እነሱ በቀን ስንቱን ይሰማሉ።

ደግሞ ውስጥ ድረስ በሳሙና አትታጠቡ። ውጪውን ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ውስጡ ራሱን ያጸዳል።

ስሜት ስለሚቀሰቅሱት ትጠይቁኛላችሁ። አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁትም ለዚህ ነው። ለወንዶች የሚቀቡ አሉ። በ2023 በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዲሸጥ የተፈቀደ ጄል አለ፤ መድኃኒት የለውም። የብልት ጫፍ ላይ ሲቀባ ይተናል፣ ያቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ይሞቃል፤ ያ ለውጥ ነርቮቹን ያነቃቃል። አልፕሮስታዲል የሚባል ደም ሥር የሚከፍት መድኃኒት ያለበት ክሬምም አለ። እሱ በሐኪም ነው።

ለሴቶች በቪያግራ ውስጥ ያለውን ሲልደናፊል በክሬም መልክ እየሞከሩት ነው። በተወሰኑ ሴቶች ላይ ተስፋ ሰጥቷል፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን ለዚህ ብሎ ያጸደቀው ክሬም አይደለም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ቪያግራ ገበያ የገባው በ1998 ነው። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ሔለን ኦኮኔል የቂንጥር አብዛኛው ክፍል ውስጥ የተደበቀ መሆኑን፣ ከምናስበውም በጣም የሚተልቅ መሆኑን ያሳየችበትን ጥናት ያሳተመችውም በዚያው በ1998 ነው። የወንዱ ክኒን ሲሸጥ የሴቷ አካል ገና በቅጡ እየተሳለ ነበር። ይሄ ያመኛል።

ደም ወደ ብልት መሄዱ ብቻውን ስሜት ማለት አይደለም። በ2010 የወሲብ ጉዳይ ተመራማሪዋ ሜሪዲት ቺቨርስና ባልደረቦቿ 132 ጥናቶችን ሰብስበው አካልና ልብ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ አዩ። ሙሉ መገጣጠም 1 ቢሆን ለወንዶች 0.66፣ ለሴቶች 0.26 ሆነ። ስለዚህ አንዲት ሴት ረጥባ ፍላጎት ላይኖራት ይችላል። ደርቃ ደግሞ በፍላጎት ልትቃጠል ትችላለች። እኔ ሁለተኛዋ ነበርኩ። ይሄን የማንበብ ዕድል ያን ጊዜ ቢኖረኝ! "ደረቅሽ እኮ፣ አትፈልጊኝም ማለት ነው" የሚል ወንድ ይሄን ይስማ። "ረጥባ ነበር እኮ፣ ፈልጋ ነው" የሚልም ይስማ፤ እሱ በተለይ ይስማ። ፈቃድ የሚጠየቀው ከአፏ ነው።

ስለ ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞን ስለሚባለው፣ ባጭሩ። ካረጡ በኋላ ፍላጎታቸው ጠፍቶ ለሚጨነቁ ሴቶች በቆዳ የሚቀባ ዝቅተኛ መጠን ሊረዳ ይችላል፤ በ2019 የዓለም ባለሙያዎች በጋራ ያወጡት አቋም ይሄው ነው። አውስትራሊያ በ2020 ለሴቶች የተዘጋጀ ክሬም ፈቅዳለች። ለባላችሁ የታዘዘውን የቴስቶስትሮን ጄል ግን አትንኩ። መጠኑ ለሴት እጅግ ይበዛል።

የሚያደነዝዝ ክሬም የሚገዙ ሴቶች አሉ፤ እንዳያማቸው። እባካችሁ። ሐኪም ለይቶ ካላዘዘው በቀር ተዉት። ሕመሙ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ሁሉም ድርቀትም አይደለም። ማሳከክ ካለ፣ ቆዳው ነጣ ነጣ ካለ፣ ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ማለስለሻ አይነካውም። ጡንቻው በፍርሃት የሚቆለፍባት ሴትም አለች፤ ለሷ የሚያስፈልጋት ፊዚዮቴራፒ ነው።

ከሐኪሟ ዘንድ የተመለስኩ ዕለት ማታ ካልሲውን ከመሳቢያው አውጥቼ አልጋው ላይ ፈታሁት። ባለቤቴ ቱቦውን አገላብጦ አየው። ስለ ማቃጠሉ፣ ስለ ማልቀሴ፣ ስለ ውሸት እንቅልፌ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

"እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ለምን እንደጠላሽኝ እያሰብኩ ነበር የማድረው።"

ያን ማታ ምንም አላደረግንም። ተቃቅፈን ተኛን። በሌላ ቀን አዲሱን ማለስለሻ ራሱ ነበር የቀባኝ፤ እጁ ላይ አሙቆ፣ ሳይቸኩል። ያ መቀባት ራሱ የጨዋታው ክፍል ሆነልን። አሁን ማለስለሻው ካልጋው አጠገብ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው።

ይሄን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ እናቴ ትዝ አለችኝ። ከስልሳ አልፋለች። ለዓመታት ሽንቷን ያቃጥላታል። ኢንፌክሽን ይባላል፣ አንቲባዮቲክ ትውጣለች፣ ይሻላታል፣ ይመለሳል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ትነሳለች። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን "እማዬ፣ ብልትሽ አካባቢ ድርቀት አለሽ?" አልኳት። ወደ በሩ ዞራ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እርጅና ነው ብዬ ተውኩት እኮ" አለችኝ።

ስም እንዳለው ነገርኳት። ድሮ "መመንመን" ይሉት ነበር። በ2014 ግን ባለሙያዎች ሽንቱንም ጨምረው የማረጥ የብልትና የሽንት ቧንቧ ሲንድሮም አሉት፤ ኤስትሮጅን ሲጎድል ሁለቱም አብረው ስለሚጎዱ። እዚያው ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን እንዳለ ነገርኳት፤ ክሬምም፣ እንክብልም፣ ቀለበትም አለ። ክሬሙና እንክብሉ ብዙ ጊዜ ለ2 ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት 2 ጊዜ ነው። ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ከማረጥ በኋላ የሚመላለሰውንም የሽንት ኢንፌክሽን ይቀንሳል። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን አስቀድማ ከካንሰር ሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት። እናቴ የለባትም።

"ስሙን ጻፊልኝ" አለች። "ወረቀቱን ለሐኪሙ እሰጠዋለሁ። በአፌማ አልለውም።"

በትልልቁ ጻፍኩላት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሁለት ወር በኋላ በጠዋት ደወለች። ሌሊት የተነሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀቱን ይዛ እንድትሄድ ሳስታውሳት "የለኝም፣ ለጓደኛዬ ሰጠኋት" አለችኝ። "እሷም ለእህቷ ልትገለብጥላት ነው።"