ቻምፒየንስ ሊግ ለምን አንዴ 4፣ አንዴ 5 ሰዓት ይሆናል?

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች! ከጅማ ነው የምናወራው። የዛሬው ጥያቄ ከኳስ ቤት የመጣ ነው። ትልቁ የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ጥር ላይ ሌሊት 5 ሰዓት ይጀምራል። ሚያዝያ ላይ 4 ሰዓት። ማን ቀየረው? ባለ ኳስ ቤቱ? እሱ የሚቀይረው የመግቢያ ዋጋ ብቻ ነው።

ነገሩን በቡና እንየው። ጅማ ተቀምጠን በሻይ አናስረዳ መቼም!

አንዲት ጎረቤት ጀበና ጣደችና "ቡና ጠጡ!" ብላ ተጣራች። ጥሪው አንድ ነው። ተጠሪዎቹ ግን ዓለም ላይ ተበትነዋል። አንዷ ገና ፊቷን እየታጠበች ነው። አንዷ ወጥ ጥዳለች። አንዷ ልጆች እያስተኛች ነው። የቀጥታ ስርጭት ማለት ይሄ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ጀበናው የተጣደው ሲድኒ ነበር። ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት 10,000 ሜትር! ሲድኒ መሽቷል፤ እኛ ጋ ቀን ነው፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ። ሩጫው ግን ያው አንድ ሩጫ ነው።

መምጣት ያልተመቻትስ? በፔርሙስ ይላክላታል። አሜሪካኖች በድራማ እንዲህ ያደርጋሉ። ኒውዮርክ ምሽት ላይ የታየው ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው 3 ሰዓት ቆይቶ፣ እዚያም ሲመሽ ነው። ድራማ በፔርሙስ ይሄዳል። ኳስ ግን በፔርሙስ አይጠጣም! ውጤቱን ቴሌግራም ቀድሞ ያወራዋል።

ገንዘብ ያለው እንግዳ ከመጣ ደግሞ ጀበናው ራሱ የሚጣድበት ሰዓት ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የውሃ ዋና ፍጻሜዎች ጠዋት ጠዋት ተደረጉ። ለምን? አሜሪካ ማታ ሶፋዋ ላይ ሆና እንድታይ።

ሳይንሱን ቶሎ እንለፈው፣ ታውቁታላችሁ። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። ለ1 ሰዓት 15 ዲግሪ፣ ለ1 ዲግሪ 4 ደቂቃ። መነሻው እንግሊዝ አገር ያለችው ግሪንዊች ናት፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ጅማ ከጅጅጋ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው 24 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ሰዓታችን ግን አንድ። አለቀ።

ቆይ ቆይ፣ ወደ ኳሱ ሳልመለስ። ኮሜንት ላይ አንድ ነገር ይመላለሳል። "ኢትዮጵያ እኮ ከዓለም በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።" ኧረ አይደለችም! ናይሮቢ ያለው ሰው 9 ሰዓት ሲል እናንተ 3 ሰዓት ትላላችሁ። ቅጽበቱ ግን ያው ነው። እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። ናይሮቢ፣ ሪያድ፣ ሞስኮ፣ ሁሉም ከእኛ ጋር አንድ ቀጠና ውስጥ ናቸው። ሪያድ ያለች እህታችሁ "እንዴት አደራችሁ" ብላ ስትደውል እናንተም ጋ ነግቷል፣ አይደል? ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። እንዲያውም አቆጣጠራችን ለቦታው ልክ ነው ባይ ነኝ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ንጋት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይዛነፍም። ስቶክሆልም ቢሞክሩት ጉድ ይፈላ ነበር።

ይቺን ያዙ፣ ላይክ ማድረግም እንዳትረሱ። የግሪንዊች ሰዓት ስታዩ 3 ቀንሱ፤ በ3 እንቀድማለን፣ አቆጣጠራችን ግን በ6 ያንሳል። 15:00 ካለ በእኛ 12 ሰዓት ነው። 20:00 ካለ 17 ይመጣል፣ ከ12 ስላለፈ 12 ቀንሱለት፣ 5። እንግሊዞች ሰዓታቸውን ከገፉ በኋላ ደግሞ ከእነሱ ሰዓት 4 ቀንሱ።

አዎ፣ ይገፋሉ። ምሥጢሩም ይሄው ነው። አውሮፓውያን በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። እኛ ንክች አናደርግም። ስለዚህ በእነሱ ሰዓት ያልተነቃነቀው ጨዋታ ለእኛ ከ5 ወደ 4 ይመጣል፤ የሚንቀሳቀሰው ኳሱ ይመስለናል።

ጅማ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። 5 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ 7 ሰዓት ገደማ ያልቃል። በዚያ ሌሊት ከፈረንጅ አራዳ ኮቼ የሚያደርስ ባጃጅ ፈልጉ እስቲ! ረመዳን የካቲት ላይ ሲውል ደግሞ የቅዳሜው የ12 ሰዓት ጨዋታ እረፍት የሚወጣው ማፍጠሪያ አካባቢ ነው። ቴምሩ በእጅ፣ ዓይን ስክሪኑ ላይ።

የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2019 ይሄ መግፋትና መመለስ ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። እስካሁን ግን አልቀረም። ከቀረ፣ አንዱ ላይ መርጋታቸው ነው። እኔ 4 ሰዓት ላይ ቢረጉ ደስ ይለኛል፤ ጠዋት ሥራ አለብኝ። እናንተስ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም፣ ኧረ ተው!