ጋሼ እና አንክል ፊል

እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ኤፒሶድ ነው የማወራችሁ፣ ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል ኤር የሚባለው የአሜሪካ ኮሜዲ ተከታታይ፣ ዊል የሚባል ልጅ አክስቱ ጋ የሚኖርበት፣ አራተኛው ሲዝን ላይ ያለችው፣ በፈረንጆቹ 1994 የወጣችው፣ ያቺ የዊል አባት የሚመጣባት። መጨረሻ ላይ ያለችውን ለቅሶ ብቻ ቆርጠው ስለሚለጥፏት ሙሉውን ያላየ ሰው ብዙ ነው መሰለኝ።

ነገሩ ምንድነው፣ አባትየው ሉ ከ14 ዓመት በኋላ ድንገት ብቅ ይላል፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ እና ክረምቱን አብረን እንዞራለን ሲለው ዊል በደስታ ያብዳል። የሚያሳድገው አንክል ፊል አይሆንም ሲል ታዲያ ምን ይለዋል መሰላችሁ፣ «አንተ አባቴ አይደለህም!» እዛ ጋ የፊልን ፊት እዩልኝ። ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው መጨረሻው ላይ ነው፣ እኔን የሚያመኝ ግን ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ፊል የአክስቱ ባል ነው እኮ፣ በደም እንኳን አይዛመዱም።

እኔም ያደግኩት አክስቴ ጋ ነው፣ ባሏን ጋሼ ነው የምለው። ወላጅ አምጡ ሲባል የሚመጣው ጋሼ፣ ካርዴ ላይ የሚፈርመው ጋሼ፣ ግን ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «የባለቤቴ የእህት ልጅ» ይላል፣ ልጄ ብሎኝ አያውቅም። ድሮ ይከፋኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው የሌላ ሰው ቦታ ላለመንካት እየተጠነቀቀ ነበር።

ወደ ሉ ስንመለስ፣ ሰውየው ሊጠፋ ሲል ለልጁ እንኳን አንተ ንገርልኝ ነው የሚለው ፊልን! ፊል ልጁ ሰቅለኸው ሄደህ ስትፈልግ የምታወርደው ኮት አይደለም ብሎ ጮኸበት። ዊል ሻንጣውን ይዞ ሲገባ የአባቱን ሰበብ ዝም ብሎ ሰማ፣ ሲሰናበተው ግን አባዬ አላለም፣ ሉ አለው። ከዛ መቀለድ ጀመረ፣ ከዛ ደግሞ ባስኬት ብቻዬን ተማርኩ፣ መንዳት፣ ጺም መላጨት፣ 14 ልደት ያለሱ አለፈ ካርድ እንኳን አልላከም እያለ ፈነዳ፣ አንክል ፊል አቀፈው፣ «ብዬህ ነበር» የምትል ቃል አልወጣውም። እኛ ቤት ቢሆን «አላልኩህም?» ሳትባል አትውልም።

በነገራችን ላይ ዊልን የሚሰራው ዊል ስሚዝ ከስክሪፕት ወጥቶ ስለ ገዛ አባቱ ነው ያለቀሰው የሚባለው ዝም ብሎ ወሬ ነው፣ የሱ አባት ፊላደልፊያ ውስጥ የማቀዝቀዣ ሥራ የነበረው፣ ልጁን ያሳደገ ሰው ነው። ፊልን የሚሰራው ጄምስ አቨሪ ደግሞ እዛው እንዳቀፈው ጆሮው ላይ «አክቲንግ ማለት ይሄ ነው» እንዳለው ራሱ ዊል ተናግሯል።

ለጋሼ እየተረጎምኩ አሳየሁት። እንባ ምናምን የለም፣ «ቆይ፣ ልጁ ሰውየውን ይቅርታ አይጠይቀውም እንዴ?» አለኝ። ጋሼ፣ ፊልን ማቀፉ እኮ ነው ይቅርታው አልኩት። አልተዋጠለትም፣ እስካሁን እንከራከርበታለን።