ጥቁሩ ይበልጣል ወይስ ነጩ?

[ስክሪኑ ላይ፦ ጥቁርና ነጭ ቁርጥራጮች የተዘበራረቁበት አራት ማዕዘን]

እስቲ ይህን ምስል እዩት። አምስት ሰከንድ ብቻ። ጥቁሩ ይበልጣል ወይስ ነጩ? አንዱን ምረጡና ያዙ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን መለየት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ በዚህ ችሎታ ደግሞ ወንዶች ከሴቶች ይሻላሉ።

ውሸቴን ነው። እንዲህ የሚባል ችሎታ የለም። ጥቁሩና ነጩም ወይ እኩል ናቸው ወይ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ ስለዚህ ፈተናው ትክክለኛ መልስ የለውም። ግን ወንድ ከሆናችሁ ለአፍታ ደስ አላላችሁም? ሴት ከሆናችሁስ የመረጣችሁትን መልስ ትንሽ አልተጠራጠራችሁትም?

ይህን ፈተና አሜሪካ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰጡት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ ሼሊ ኮረል ናቸው። ጥናቱ የታተመው በ2004 ነው (በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች «ወንዶች ይሻላሉ» ተባለ። ለሌሎቹ «በወንድና በሴት መካከል ልዩነት የለም» ተባለ። ከዚያ የማንም ሥራ ሳይታረም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ታደለ።

«ወንዶች ይሻላሉ» በተባሉት ዘንድ ወንዶቹ ያንኑ ነጥብ ይዘው ራሳቸውን ጎበዝ አሉ፤ ሴቶቹ ያንኑ ነጥብ ይዘው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህን ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ ብታገኙ ትገቡበታላችሁ ወይ ሲባሉም ወንዶቹ በለጡ። «ልዩነት የለም» በተባሉት ዘንድ ግን ይህ ክፍተት ድራሹ ጠፋ።

ልብ በሉ፣ ሴቶቹን ማንም አልከለከላቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም። የተነገራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ ደግሞ ስንት ዓረፍተ ነገር ስንሰማ ነው ያደግነው!

[ስክሪኑ ላይ፦ ሦስት ቃላት፤ ሀብት፣ ሥልጣን፣ ክብር]

እዚህ ጋ ሲሲሊያ ሪጅዌይ ይመጣሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው፤ በ2013 የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት አንድ ነገር ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም፦ ሰው ለማን ጆሮ ይሰጣል? ለምን?

ማክስ ዌበር የሚባለው የጀርመን ምሁር ከመቶ ዓመት በፊት ሰዎች የሚበላለጡት በሀብት ብቻ ሳይሆን በሥልጣንና በክብርም ጭምር ነው ብሎ ነበር። ስለ ሀብትና ስለ ሥልጣን ብዙ ተጻፈ። ክብር ግን እንደ ጌጥ ታየ፤ ገንዘቡ ካለ ይመጣል፣ ከሌለ ይቀራል ተብሎ። የሪጅዌይ ክርክር «የለም፣ ክብር ራሱ ሞተር ነው» የሚል ነው። ክብር ስል ደግሞ ሰላምታና ከወንበር ብድግ ማለትን ብቻ አይደለም። «እነዚህኞቹ ከእነዚያኞቹ የተሻለ ያውቃሉ» የሚል፣ ሁሉም ሰው ሌላውም ያምንበታል ብሎ የሚያስበው ግምት ነው።

ይህ ግምት ከየት ይመጣል? እኔ በጣም የምወደው ሙከራቸው እዚህ ላይ ነው።

ሪጅዌይና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ትርጉም የሌለው ፈተና ፈተኑና በሁለት ቡድን ከፈሏቸው። ቡድኖቹ ከስማቸው በቀር የሚለያቸው ነገር አልነበረም። ከዚያ ለአንዱ ቡድን አባል ከሌላው የበለጠ ክፍያ ተሰጠና ሁለቱ አብረው አንድ ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ። ብዙ የተከፈለው በራሱ ይተማመናል፣ ሐሳብ ያቀርባል፤ ትንሽ የተከፈለው ይለሳለሳል፣ እሺ ይላል። ቀጥሎ ከሌላ ሰው ጋር ያው ነገር ተደገመ።

ሁለት ጊዜ ብቻ። በቃ። ተሳታፊዎቹ «የዚያኛው ቡድን ሰዎች የተከበሩና ብቁ ናቸው» ማለት ጀመሩ። የሚገርመው ትንሽ የተከፈላቸውም ይህንኑ ማለታቸው ነው። በራሳቸው ላይ! ማጽናኛ የምትመስል ነገርም አልጠፋችም፤ ዝቅ ያለው ቡድን «ደግና አሳቢ» ተባለ። ቡድኑ እኮ ትናንት አልነበረም።

«ሴት ልጅ ሩኅሩኅ ናት» የሚለውን ሙገሳ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሙገሳው ራሱ የደረጃው ሌላኛ ፊት ነው። ስለዚህም ሴት ቆፍጠን ብላ ስትናገር ጎበዝነቷ ቢታይም «አቤት ስትከብድ!» መባል አይቀርላትም። ወንዱ ያንኑ ቢናገር መሪ ነው። ሴቷ ዝም ካለች አታውቅም፣ ከተናገረች አትወደድም፤ ወዲህ ቢሉ ወዲያ ቢሉ መውጫ የለውም።

ሪጅዌይ በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ሴቶች ተምረው፣ ነገሩ ለምን እንደማያልቅ ይጠይቃሉ። መልሳቸው፦ ሰው አዲስ ነገር ሲጀምር፣ ለምሳሌ ጥቂት ጓደኛሞች የቴክኖሎጂ ድርጅት ሲከፍቱ፣ ገና ደንብ የለም፣ ማን ምን እንደሚሠራ አልተጻፈም። በዚህ ባዶ ቦታ ሳያስቡት የሚያነሱት መሣሪያ ያው የለመዱት የወንድና የሴት ግምት ነው። ግምቱ አዲሱ ድርጅት ውስጥ ሥር ይሰድና ነገ «የቤታችን አሠራር» ይባላል።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሁለት ተመሳሳይ የሥራ ማመልከቻዎች]

ይህ ሁሉ ወሬ ወደ ደመወዝ ሲመጣ ምን ይመስላል? ኮረል ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። በብቃት እኩል የሆኑ የሥራ ማመልከቻዎች ተዘጋጁ። አንደኛዋ አመልካች እናት መሆኗ የሚታወቀው በወላጆችና መምህራን ማኅበር ውስጥ እንደምትሠራና ልጆች እንዳሏት በአጭሩ በመጻፉ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ገምጋሚዎቹ ልጅ ለሌላት ሴት በአማካይ 148,000 ዶላር ገደማ የዓመት መነሻ ደመወዝ ሲያቀርቡ፣ ለእናቷ 137,000 አሉ። አባትስ? አባት ከፍ አለ፤ 150,000 ገደማ፣ ልጅ ከሌለው ወንድ 6,000 ያህል ብልጫ። አንዱ ልጅ ለአባት «ኃላፊነት የሚሰማው» የሚያሰኝ ሆነና ለእናት ደግሞ «ሐሳቧ ቤት ነው» የሚያሰኝ ሆነ። ይህ በሙከራ ክፍል ውስጥ ነው። ማመልከቻዎቹ ለእውነተኛ ቀጣሪዎች ሲላኩ ደግሞ ልጅ የሌላቸው ሴቶች ከእናቶች ከ2 እጥፍ በላይ ተጠሩ።

ቀጣሪዎቹ ክፉ ሰዎች ናቸው? አይመስለኝም። ብትጠይቋቸው «እኔ የማየው ብቃት ብቻ ነው» ይሏችኋል፤ ከልባቸውም ነው። ችግሩም እሱው ነው።

ይህን ጥርት አድርጎ ያሳየው በ2005 የወጣ የሁለት ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ለፖሊስ አዛዥነት ዕጩ ቀረበ፤ ለአንዳንዱ ገምጋሚ ወንድ፣ ለአንዳንዱ ሴት፤ አንዳንዴ በመንገድ ላይ ልምድ የበሰለ፣ አንዳንዴ የተማረ። የተማረው ዕጩ ወንድ ሲሆን ገምጋሚዎቹ ለትምህርት ትልቅ ክብደት ሰጡ። የተማረችው ሴት ስትሆን ግን የዚያው ትምህርት ክብደት ቀነሰ። መመዘኛው ወንዱን እየተከተለ ይሄድ ነበር ማለት ነው። «እኔ አላዳላም» ብለው ይበልጥ የሚተማመኑት ደግሞ ይበልጥ አዳልተው ተገኙ።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ብቻ ለወጡ። ገምጋሚዎቹ የዕጩውን ጾታ ከማወቃቸው በፊት «ለዚህ ሥራ የትኛው ይበልጣል፣ ልምድ ወይስ ትምህርት?» ተብለው መልሳቸውን አስቀድመው እንዲሰጡ ተደረገ። ስልጠና የለም፣ ምክር የለም። ዕጩዎቹ የቀረቡላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

አድልዎው ጠፋ።