ዱካ አንባቢውን ማን ያድነዋል?

ሜሮን፦ እሺ፣ ዛሬ አውስትራሊያ ነን። ሄኖክ ሳምንቱን ሙሉ የነዘነዘኝ ጉዳይ፣ የአቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ዱካ አንባቢዎች።

ሄኖክ፦ ብነዘንዝም አይፈረድብኝም! በ1864፣ በፈረንጆቹ ነው፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ሆርሻም አካባቢ ሦስት ሕፃናት ጫካ ገብተው ጠፉ። የአካባቢው ሰው ፈልጎ ፈልጎ አቃተው። በመጨረሻ አቦርጂናሎቹ ተጠሩ፤ ልጆቹ በዘጠነኛው ቀን በሕይወት ተገኙ።

ሜሮን፦ እንደኛ ሌባሻይ ነው?

ሄኖክ፦ ኧረ! ሌባሻይ ልጅ አስክሮ መልቀቅ ነው። ይሄ እኮ ዕውቀት ነው። የተገለበጠች ጠጠር ሆዷ ፀሐይ ስላላየ ቀለሟ ይለያል፣ ሣርም ሲረገጥ የሚተኛበት አቅጣጫ አለው። ፖሊስ ይሄን አየና ለራሱ ሥራ አዋለው።

ሜሮን፦ እዚህ ጋ ነው የሚበላሸው።

ሄኖክ፦ ጃንዳማራን እንይ። ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሌይ፣ የቡኑባ ሰው። ሪቻርድሰን ለሚባል ፖሊስ ዱካ እያነበበ የገዛ ወገኖቹን ያስይዛል፤ የነጭ ሰፋሪዎችን ከብት አርዳችኋል ተብለው ነው እንግዲህ፣ መሬቱ የማን ሆኖ! የተያዙት አንገታቸው በሰንሰለት ተቆራኝቶ ጣቢያው ደጅ ቁጭ ብለዋል። ዘመዶቹ ናቸው፣ በቋንቋው ያናግሩታል። አስቢው።

ሜሮን፦ ማታ ማታ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ሄኖክ፦ እንቅልፍ የወሰደውስ ፖሊሱን ነው። ኦክቶበር 1894 ላይ ጃንዳማራ ሪቻርድሰንን በተኛበት ተኩሶ ገደለውና እስረኞቹን ፈታ፣ ጠመንጃውንም ይዞ ሸፈተ። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ዋሻና ገደል ውስጥ እየተሰወረ አስቸገራቸው። የፖሊስን አካሄድ ከውስጥ ያውቀዋላ!

ሜሮን፦ ታዲያ ማን ደረሰበት?

ሄኖክ፦ ሚኪ የሚባል ሌላ አቦርጂናል ዱካ አንባቢ። ኤፕሪል 1897፣ ተነል ክሪክ የሚባል ዋሻ አፍ ላይ ገደለው። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው፣ ነጮቹ ብቻቸውን አልቻሉትም።

ሜሮን፦ ከፖሊስ ጋር እስከመጨረሻው የቆዩትስ ምን አገኙ?

ሄኖክ፦ አሌክሳንደር ራይሊ አለ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ደቦ ከተማ። ነፍሰ ገዳይ ያስያዘ፣ የጠፋ ሰው ያገኘ። በ1941 በዚያ ግዛት ፖሊስ ውስጥ የመጀመሪያው አቦርጂናል ሳጅን ሆነ፣ በ1943 የንጉሡን የፖሊስ ሜዳሊያ ሸለሙት። በ1950 ሥራ ለቀቀ።

ሜሮን፦ ከነጡረታው?

ሄኖክ፦ ጡረታማ ከለከሉት።